የበጎ ፈቃድ ግሩፕ እንዴት ይመራል? አነጋገሩ፣ አስተያየቱ፣ ገንዘቡ

ድሬዳዋ ውስጥ የበጎ ፈቃድ ግሩፕ መክፈት ቀላል ነው። አራት ሰው ተሰብስቦ «ለምን አንድ ነገር አንሠራም አቦ» ከተባባለ፣ በዚያው ማታ ቴሌግራም ላይ ግሩፑ ተከፍቷል። ስም ወጥቶለታል፣ ሎጎም አለው። ለደብተር መዋጮ ይሰበሰባል፣ ለታካሚ መድኃኒት ይገዛል። ሁሉም ደስ ብሎታል።

ፈተናው የሚመጣው ከወራት በኋላ ነው። አንዱ አባል «ባለፈው የተሰበሰበው ብር ስንት ቀረ?» ብሎ ይጽፋል። ገንዘብ ያዡ ሌባ የተባለ ይመስለዋል። ይቆጣል። አንዱ ሊያስታርቅ ይገባል፣ ሌላው ሙድ ይይዛል፣ ሦስተኛው የድሮ ቂም ያነሳል። በሳምንቱ ግማሹ አባል የግሩፑን ድምፅ ዘግቶታል። የሚገርመው ብዙ ጊዜ የጠፋ ብር የለም። የጠፋው መልስ ነው።

ስለዚህ የዚህ መመሪያ ግብ አንድ ነው። የገንዘብ ጥያቄ ያለ እፍረት የሚጠየቅበት፣ ያለ ቁጣም የሚመለስበት ግሩፕ መሥራት። ገንዘቡን ወደ መጨረሻ ያደረግሁት ሆን ብዬ ነው። አነጋገሩ ካልተስተካከለ የተጣራ መዝገብ ይዞ መጣላትም ይቻላል።

1. ሥራውንና ሂሳቡን ለዩ

ሦስት ቦታ ያስፈልጋችኋል። የመጀመሪያው ሁሉም የሚያወራበት ትልቁ ግሩፕ ነው። ሁለተኛው ገቢና ወጪ ብቻ የሚለጠፍበት ቻናል ነው። ሦስተኛው ከሦስት እስከ አምስት አስተባባሪዎች የሚመካከሩበት ትንሽ ግሩፕ ነው።

ሂሳቡ ለምን ቻናል ላይ? ጠዋት ግሩፕ ላይ የለጠፋችሁት ሂሳብ ማታ ላይ በስቲከርና በ«እንኳን አደረሳችሁ» ስር ተቀብሯል። ቻናል ላይ ግን አስተባባሪ ካልሆነ ማንም አይጽፍም። ትናንት የገባ አባል እንኳ ወደ ላይ እየሳበ ከመጀመሪያው ብር ጀምሮ ማየት ይችላል። ብዙ ጥያቄ ሳይጠየቅ እዚያው ይመለሳል።

ቴሌግራም ለአድሚኖች ሥልጣን ከፋፍሎ ይሰጣል። ተጠቀሙበት። አንዱ መልእክት ማጥፋት ይችላል፣ ሌላው አባል ማስገባት ይችላል። አዲስ አድሚን የመሾም ሥልጣን ግን ለሁሉም አይበተን። አድሚን ስሙን ደብቆ በግሩፑ ስም እንዲጽፍ የሚያስችለውንም ምርጫ ዝጉት። ሂሳብ የሚመልስ ሰው ስሙ መታየት አለበት።

2. ደንቡን በአምስት መስመር ጻፉና ፒን አድርጉ

ሁለት ገጽ ደንብ ማንም አያነብም። ይህን የመሰለ ይበቃል፦

«ይህ ግሩፕ ለድሬዳዋ ተማሪዎች የትምህርት ቁሳቁስ፣ ለታካሚዎችም መድኃኒት ለማሟላት የተከፈተ ነው።
የፖለቲካና የሃይማኖት ክርክር፣ የንግድ ማስታወቂያም አይለጠፍም።
ስለ ገንዘብ ማንም መጠየቅ ይችላል። መልሱ በ48 ሰዓት ውስጥ ይሰጣል።
የተረጂ ፎቶና ስም ያለ ፈቃዱ አይወጣም።
ቅሬታ ያለው መጀመሪያ ለአስተባባሪ በግል ይጻፍ። በሦስት ቀን መልስ ካላገኘ እዚሁ ያንሳው።»

ሦስተኛው መስመር ዋናው ነው። ጠያቂውን ከ«ተጠራጣሪ» ስም ያወጣዋል። ገንዘብ ያዡም ሲጠየቅ ደንቡ እየሠራ እንደሆነ ያውቃል። የመጨረሻው መስመር ደግሞ በግል የተነገረ ቅሬታ በዚያው ታፍኖ እንዳይቀር በር ይከፍታል።

3. አነጋገር

ድሬ አንቱታ አይበዛባትም። ታላቁንም ታናሹንም «አንተ» ማለት የተለመደ ነው። ፊት ለፊት ሲሆን ፈገግታው አብሮ ስላለ ማንም አይቀየምም። ጽሑፍ ላይ ግን ፈገግታው ይቀራል። ከአዲስ አበባ ወይም ከውጭ ሀገር የገባ አባል «አንተ ብሩን ለምን አላስገባህም?» የሚል መልእክት ሲደርሰው እንደ ስድብ ሊያነበው ይችላል። እኔ የምመክረው ይህን ነው። የማታውቁትን ሰው በጽሑፍ «እርስዎ» በሉ። ራሱ «ተወው አቦ፣ አንተ በለኝ» ሲል ልቀቁት። እርስ በርስ የምትተዋወቁ እንደለመዳችሁ ተጫወቱ። ገንዘብ ሲነሳ ግን ቀልዱን ቀንሱ።

ቋንቋም አለ። እዚህ ከተማ አንድ ሰፈር ውስጥ አማርኛ፣ ኦሮምኛና ሶማሊኛ ይሰማል። ሐረሪም ይጨመራል። ሰው በሚቀናው ቋንቋ ይጻፍ፣ ፍሬ ነገሩን የሚችል በአንድ መስመር ይመልሰው። ዋና ማስታወቂያ ግን ቢያንስ በሦስቱ መውጣት አለበት። አለዚያ ግሩፑ ሳታስቡት የአንድ ወገን ይመስላል። ማንበብ ለሚከብደው ሰው የድምፅ መልእክት ጥሩ ነው። የብር መጠን ግን ሁልጊዜ በጽሑፍ ይሁን። በድምፅ የተነገረ ቁጥር በኋላ ፈልጎ ማግኘት መከራ ነው።

ሰዓቱንም እዩ። ከምሳ በኋላ ሙቀቱ ሲከር፣ የበርጫም ሰዓት ሲደርስ፣ ከተማዋ እንዴት ጸጥ እንደምትል ታውቃላችሁ። በዚያ ሰዓት «አስቸኳይ» ብላችሁ ጽፋችሁ «ማንም አልመለሰልኝም» ብላችሁ አትቀየሙ። ማታ፣ ቀዝቀዝ ሲል ለጥፉ። በረመዳን የኢፍጣርን ሰዓት ዝለሉት። ቴሌግራም መልእክትን አስቀድሞ ጽፎ በተባለው ሰዓት የመላክ ምርጫ ስላለው ቁጭ ብሎ መጠበቅ አያስፈልግም። የቀጠሮ ሰዓት ስትጽፉ ደግሞ «ከጠዋቱ 3 ሰዓት»፣ «ከምሽቱ 2 ሰዓት» በሉ። «በ3 ሰዓት» ብቻ ካላችሁ የእኛን አቆጣጠር የለመደውና ስልኩን የሚያየው በተለያየ ሰዓት ይመጣሉ።

አሁን ወደ ከባዱ እንሂድ፤ የተቆጣ መልእክት። «ሦስት ወር ሙሉ እያዋጣን ነው፣ አንድ ወረቀት አላየንም፣ ምን እየሠራችሁ ነው?» የሚል መጣ እንበል። እጅ ላይ የሚመጣው መልስ «እስቲ አንተ መጥተህ ሥራው» ነው። ያንን ዋጡት። ከቁጣው ውስጥ እውነት የሆነውን ፈልጉና ለእሱ ብቻ መልሱ፦

«ልክ ነህ፣ የመጋቢት ወጪ አልተለጠፈም። ደረሰኞቹ እኔ ጋ ናቸው። እስከ ነገ ምሽት 2 ሰዓት ቻናሉ ላይ ታየዋለህ።»

እዚህ መልስ ውስጥ ሦስት ነገር አለ። የጎደለው ምን እንደሆነ፣ ማን እንደያዘው፣ መቼ እንደሚደርስ። ስለ ድካማችሁ አንድም ቃል የለም። ድካሙን ሌላው ይናገርላችሁ።

ነገሩ ከሞቀ ግሩፑ ላይ የመልእክት ማዘግያውን (Slow Mode) አብሩ። አንድ ሰው በአምስት ወይም በአሥራ አምስት ደቂቃ አንድ መልእክት ብቻ እንዲልክ ያደርጋል። በዚያ መሃል ሰዉ ውሃ ይጠጣል፣ ይበርዳል። የገንዘብ ጥያቄን ግን በፍጹም አታጥፉ። አንድ የጠፋ ጥያቄ ከመቶ ስድብ ይብሳል፤ «ለምን አጠፋችሁት?» የሚለው ሀሜት ጥያቄውን ሳያዩት የቀሩትን ሁሉ ያዳርሳል። በብሔር ወይም በሃይማኖት የሚሰድብ መልእክት ግን ወዲያው ይጥፋ። ለጻፈው ሰው ምክንያቱን በግል ንገሩት። የጥላቻ ንግግርን የሚከለክለው አዋጅ ቁጥር 1185 ከ2012 ዓ.ም ጀምሮ በሥራ ላይ እንዳለም ይወቅ።

አንድ የድሬ ነገር ልጨምር። በ1998 ክረምት ከተማዋን አቋርጦ የሚያልፈው የደቻቱ ወንዝ ጎርፍ በሌሊት መጥቶ ከሁለት መቶ በላይ ሰው ወስዷል። ዝናቡ የጣለው ከላይ ከደጋው ስለነበር ብዙ ሰው በእንቅልፉ ላይ እንዳለ ነው የደረሰበት። ስለዚህ ዛሬም «ደቻቱ መጣ» የሚል መልእክት ሲለጠፍ ሰው ይሮጣል። ችግሩ ያ መልእክት ፎርዋርድ ሲደረግ በማግስቱም አዲስ ሆኖ ይነበባል። የአደጋ መልእክት በግሩፓችሁ ላይ ሲወጣ ቀን፣ ሰዓት፣ ቦታ፣ ያየውም ሰው ይጻፍበት፦ «ሐምሌ 20፣ ከምሽቱ 4:10፣ ደቻቱ ድልድይ አጠገብ፣ እኔ ራሴ ቆሜ እያየሁ ነው።» እነዚህ የሌሉበት መልእክት ከመጣ አድሚን ወዲያው «ማን አየ? መቼ?» ብሎ ይጠይቅ።

4. አስተያየት መስጠትና መቀበል

ለሥራ ባልደረባ የሚሰጥ አስተያየት ደንቡ አጭር ነው። ምስጋና በአደባባይ፣ እርማት በግል፣ ሁለቱም በጊዜው። «ጎበዞች ናችሁ» ማለት ምንም አይነግርም። «ቅዳሜ ሳቢያን የተሰለፉትን እናቶች ጥላ ውስጥ ማስቀመጥሽ ጥሩ ነበር» ሲባል ግን የሚቀጥለውም ሰው ያንኑ ያደርጋል። እርማት ሲሆን በጽሑፍ ባይሆን ይመረጣል። ደውሉ፣ ወይ ቡና ጠጡ። «ዝርዝሩ ላይ አራት ስም ተደግሟል፣ አብረን እንየው?» በሉ። «ሁሌም ታበላሻለህ» የሚለው ዓረፍተ ነገር ሥራውን ትቶ ሰውየውን ይመታል።

ከሥራ በኋላ ወዲያው ተነጋገሩ። ዕቃ አከፋፍላችሁ ስትመለሱ አሥር ደቂቃ ቁሙና ሦስት ጥያቄ ተጠያየቁ። ምን ሰመረ? ምን ተደናቀፈ? በሚቀጥለው ማን ምን ይቀይር? አንዱ ይጻፈው። ወር ጠብቆ ስብሰባ መጥራት የተረሳ ነገር መቀስቀስ ነው።

የሚከብደው ከተረጂው የሚመጣው አስተያየት ነው። ይሉኝታ አለ። ደብተር የሰጣችኋት እናት «እንዴት ነበር?» ስትሏት «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» ወይም «አላህ ይጨምርላችሁ» ትላለች። ሌላ ምን ትበል? ደብተሩ ስስ ሆኖ ቢቀደድ፣ ሰዓቱ ከሥራዋ ቢያስቀራት፣ ሰልፉ ላይ ጎረቤት ስላያት ብታፍር አትነግራችሁም። ቅሬታ ከተናገረች በሚቀጥለው የምትቀር ይመስላታል።

ስለዚህ አጠያየቁን ቀይሩ። «ጥሩ ነበር?» አትበሉ። የሆነውን ጠይቁ። «ደብተሩ እስከ ስንተኛው ወር ደረሰ?» «ከቤት ስንት ሰዓት ወጣሽ?» «ከተሰጠሽ ውስጥ ያልተጠቀምሽበት አለ?» «ለእህትሽ ብንሰጥ ምን ብንቀይር ይሻላል?» የመጨረሻዋ ጥያቄ በተለይ ትሠራለች። ስለ ራሷ የማትናገረውን ስለ እህቷ ትናገራለች። ጠያቂውም ዕቃውን ያከፋፈለው ሰው አይሁን። ቋንቋዋን የሚናገር፣ ቢቻል ሴት፣ ስጦታ ሳትይዝ ትሂድ። ከተረጂዎቹ ብዙዎቹ ቴሌግራም ስለሌላቸው ግሩፑ ላይ ድምፅ ማሰጠት የእነሱን ሐሳብ አያመጣም። በእግር መሄድ ነው።

የአባላቱን ሐሳብ ለማወቅ ግን የቴሌግራም ፖል (የድምፅ መስጫ) ይጠቅማል። የመረጠው ሰው ስም እንዳይታይ አድርጋችሁ በየሁለት ወሩ አንድ ጥያቄ ብቻ አውጡ፦ «በዚህ ግሩፕ ገንዘብ ነክ ጥያቄ ለመጠየቅ ነፃነት ይሰማችኋል?» «አይ» ያለው ሰው ቁጥር ከበዛ ሂሳቡ ልክ ቢሆንም ችግር አለ ማለት ነው። ውጤቱ ባያምርም አታጥፉት። ምን እንደምትቀይሩ ከስሩ ጻፉ።

5. ገንዘብ

ሂሳቡን በአንድ ሰው ስም አትክፈቱ። ሰውየው ቅዱስ ቢሆንም። ሊታመም ይችላል፣ ሊሰደድ ይችላል፣ ስልኩ ሊጠፋ ይችላል። ባንክ ሄዳችሁ በሦስት ሰው ስም የጋራ ሂሳብ ክፈቱ። ሁለቱ ካልፈረሙ ብር እንዳይወጣ አድርጉ። ዕድሮቻችን ይህን ዘመናት የሠሩበት ነው፤ ሐረር ላይም አፎቻ የሚባል የመረዳጃ ማኅበር አለ። ገንዘብ ያዥ ብሩን ይይዛል፣ ጸሐፊ ይመዘግባል፣ ተቆጣጣሪ ያያል። ሦስቱ ሦስት ሰው ይሁኑ። ባልና ሚስት ወይም ወንድማማቾች አብረው ፈራሚ ባይሆኑ ደግሞ ለራሳቸውም ሰላም ነው።

ቴሌብር ከ2013 ዓ.ም ወዲህ መዋጮን በጣም አቅልሏል። ሃምሳ ብር ለመላክ ባንክ የሚሄድ የለም። ግን የግል ቴሌብር የአንድ ሰው ስልክ ነው። መቀበያ በር አድርጉት እንጂ ማስቀመጫ አታድርጉት። በየሳምንቱ በተወሰነ ቀን፣ ዓርብ ማታ እንበል፣ የገባው ሁሉ ወደ ጋራው ሂሳብ ይሂድ። የተዛወረበትም ማስረጃ ቻናሉ ላይ ይውጣ።

ስክሪንሾት ማስረጃ አይደለም። የተላከ የሚመስል ምስል በስልክ ይሠራል፣ ከባንክ የመጣ የሚመስል መልእክትም እንዲሁ። ገቢ የሚመዘገበው ገንዘብ ያዡ ሂሳቡ ውስጥ ገብቶ ብሩን ሲያየውና የትራንዛክሽን ቁጥሩ ሲገጥም ብቻ ነው። የሂሳብ ቁጥሩን ቻናሉ ላይ ፒን አድርጉ። «የሂሳብ ቁጥራችን በግል መልእክት አይቀየርም» ብላችሁም ጨምሩ። የግሩፑን ስምና ሎጎ አስመስሎ ለአባላት በውስጥ የሚጽፍ አጭበርባሪ አይጠፋም።

ቻናሉ ላይ እያንዳንዱ ወጪ እንዲህ ይለጠፍ፦

«መጋቢት 12። ወጪ 3,660 ብር። ደብተር፣ ከመጋላ ሱቅ፣ ደረሰኙ ከታች አለ። ገዢዎች ሁለት ሰዎች። ቀሪ 6,340 ብር።»

«ቀሪ» የምትለዋን እንዳትረሱ። ሰው የሚጠይቀው እሷን ነው። ሁልጊዜ ሁለት ሰው ይግዛ። ደረሰኝ የማይሰጥ ጉልት ሻጭ ከሆነ ሁለቱ ገዢዎች ፈርመው ቀኑንና ዋጋውን ይጻፉ። ብር ባይሰጥም ዕቃ የሰጠ ሰው አለ። ጆንያ ስኳር ወይም ያገለገለ ልብስ። ያንንም መዝግቡ፣ የት እንደደረሰም ጻፉ።

የሰጪዎችን ስም በብር መጠን ደርድሮ መለጠፍ ብዙ ግሩፕ ይወደዋል። እኔ አልወደውም። አምስት ሺህ የሰጠው ከላይ፣ ሃያ ብር የሰጠችው ከታች። ሃያ ብር የሰጠችው በሚቀጥለው አትሰጥም፤ ታፍራለች። በስም ፋንታ የትራንዛክሽኑን የመጨረሻ አራት ቁጥር ለጥፉ። ሰጪው የራሱን ያውቃል፣ ጎረቤቱ አያውቅም።

ለሕክምና ስትሰበስቡ ጥንቃቄው ይጨምራል። ከድል ጮራም ሆነ ከሌላ ሆስፒታል የታዘዘ መድኃኒት ከሆነ ማዘዣውን እዩና ለፋርማሲው ራሳችሁ ክፈሉ። ለውጭ ሕክምና ከሆነ የሐኪሞች ቦርድ ማስረጃ ጠይቁ። አንድ ነገር ደግሞ ብሩ ሳይሰበሰብ መጻፍ አለበት፤ ቢተርፍስ? ታካሚው ቢሞትስ? መናገሩ ያስጨንቃል። ካልተነገረ ግን በሐዘን መሃል ጭቅጭቅ ይመጣል። «የተረፈው ከቤተሰቡ ጋር በመነጋገር ለሌላ ታካሚ ይውላል» የሚል አንድ መስመር ከጥሪው ስር ይግባ። የታካሚውን የምርመራ ወረቀት ግን ግሩፕ ላይ አትበትኑት። ሁለት አስተባባሪ አይቶ «አይተናል» ይበል። በ2016 ዓ.ም የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ የሰውን የጤና መረጃ ለይቶ ይጠብቃል። አዋጁ ባይኖርም ነውር ነው።

የበጎ ፈቃደኛው ወጪስ? ይህን ብዙ ሰው አይነካውም። ነፃ ይሠራል ማለት የባጃጁን ከኪሱ ይክፈል ማለት አይደለም። ካላሰባችሁበት ደህና ደመወዝ ያለው ብቻ ይቀራል። ከገንደ ቆሬ የሚመጣው ተማሪ ደግሞ ምክንያቱን ሳይናገር ይጠፋል። ስለዚህ ለመጓጓዣና ለስልክ ካርድ የሚከፈል ጣሪያ ወስኑ። ለሁሉም እኩል ይሁን፣ «ያስፈልገኛል» ብሎ መለመን እንዳይኖርበት። የማይፈልግ ይመልስ። በሂሳቡም ላይ «የመጓጓዣ» ተብሎ በግልጽ ይውጣ። ሰው የሚቆጣው ሲደበቅበት ነው።

ግሩፑ ከጓደኛማቾች ካለፈ፣ ከማታውቁት ሰው ብር መቀበል ከጀመራችሁ፣ ሕጋዊ ሰውነት አስቡ። የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113 በ2011 ዓ.ም ወጥቷል። ዕድርና ዕቁብን አይመለከትም። ከተማ ለከተማ ገንዘብ የሚሰበስብ ግሩፕ ግን «እኛም እንደ ዕድር ነን» ብሎ ቢቀመጥ አያዋጣውም። ጥያቄያችሁን ይዛችሁ ለሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች ባለሥልጣን ወይም ሕግ ለሚያውቅ ሰው ቅረቡ።

6. ክስ ሲመጣ

«ብሩ ተበልቷል» የሚል ቃል ግሩፑ ላይ ከወጣ ቅደም ተከተሉ ይህ ነው። በአንድ ሰዓት ውስጥ አንድ አስተባባሪ ብቻ «አይተነዋል፣ በሦስት ቀን የተጣራ ሂሳብ እናቀርባለን» ይበል። ሌሎቹ ዝም ይበሉ። ከሳሹን ከግሩፑ አታስወጡ። ሂሳቡ እስኪጣራ አዲስ ወጪ ይቁም፤ የተጀመረ ሕክምና ካለ ግን ይቀጥል። ከግሩፑ ውጭ የሆነ፣ ሂሳብ የሚችል፣ ሁለቱም ወገን የሚያከብሩት ሰው ፈልጉ። የሰፈር ዕድር ሂሳብ ሹም ለዚህ ጥሩ ነው። ከሳሹ ራሱ አብሮ ይቀመጥ፣ ደረሰኞቹን በእጁ ያገላብጥ። ውጤቱ ክሱ በወጣበት ቦታ ይለጠፍ። የጎደለ ካለ መጠኑና መቼ እንደሚመለስ ይጻፍ። የጎደለ ከሌለ ደግሞ «አየህ?» አትበሉት። ዝም ብላችሁ ሂሳቡን ለጥፉ።

7. ርክክብ

ገንዘብ ያዥና ተቆጣጣሪ በየዓመቱ ይቀየሩ፣ ሥራቸው ጥሩ ቢሆንም። ሲቀየሩ የባንክ ፈራሚ ይለወጥ፣ የደረሰኝ ፋይል በዝርዝር ይፈረም፣ የተዘጋው ሂሳብ ቻናሉ ላይ ይውጣ። የግሩፑና የቻናሉ ባለቤትነትም መተላለፍ አለበት። ቴሌግራም ባለቤትነት የሚያስተላልፈው የባለቤቱ አካውንት ላይ ባለሁለት ደረጃ የይለፍ ቃል ከበራ ቢያንስ ሰባት ቀን ሲሞላው ነው። ርክክቡን ለሰኔ 30 ካሰባችሁ የአሁኑ ባለቤት የይለፍ ቃሉን ከሰኔ 20 በፊት ያብራ።